ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ያላችሁ ወላጆች፦ ትኩሳትና ሻካራ ሽፍታ የያዛቸውን ልጆች በቀን በቀን እየመዘገብኩ ነው

የሰባ ደረጃዋ · ኅዳር 25፣ ማታ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ከሰባ ደረጃ ትንሽ ወረድ ብሎ ነው። እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ነው የምጽፈው።

ኅዳር 18 የስድስት ዓመቷ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ደህና ነበረች። ማታ ላይ ሰውነቷ እሳት ሆነ። ጉሮሮዬን አለች፣ አስመለሳት። ጉንፋን ነው ብዬ ዝንጅብል አፍልቼ ሰጠኋት። በማግስቱ ገላዋን ሳጥባት እጄ ደረቷ ላይ ቀረ። ቆዳዋ ሻክሯል። ልጄ ጠይም ናት፤ በዓይን ሲታይ መቅላቱ ብዙም አይለይም። ሲነካ ግን ከቆዳዋ ሥር ጤፍ የተበተነ ይመስላል።

ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ጤና መኮንኗ ምላሷን አየች፤ እንደ እንጆሪ ቀልቶ ነጠብጣብ አውጥቷል። ብብቷንና የክርኗን እጥፋት አገላብጣ አየች። «ስካርሌት ፊቨር ይመስላል» አለችኝ። ስሙን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። የቶንሲል ባክቴሪያ ከሚረጨው መርዝ የሚመጣ ሽፍታ ነው ብላ አስረዳችኝ። ለ10 ቀን የሚወሰድ አሞክሳሲሊን አዘዘችልን። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃት። አሁን ደህና ናት።

ግን የጎረቤት ልጅም ታመመ። ከዚያ እህቱ። ከዚያ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ። ትናንት ደብተር አውጥቼ መጻፍ ጀመርኩ። ስም አልጻፍኩም፤ ፊደል ነው የሰጠኋቸው።

ሀ፦ ሴት፣ 6 ዓመት (የኔ ልጅ)፣ ትኩሳት የጀመራት ኅዳር 18
ለ፦ ወንድ፣ 8፣ ኅዳር 19
ሐ፦ ሴት፣ 5፣ የ«ለ» እህት፣ ኅዳር 22
መ፦ ወንድ፣ 9፣ ኅዳር 23
ሠ፦ ሴት፣ 7፣ ኅዳር 24

ሀ እና ለ አንድ ትምህርት ቤት ናቸው። ስለዚህ ከትምህርት ቤቱ ነው ብዬ ነበር። መ እና ሠ ግን እያንዳንዳቸው ሌላ ትምህርት ቤት ነው የሚማሩት። ሰፈሩ በሙሉ «ቤቶች ሲፈርሱ የሚነሳው አቧራ ነው» ይላል። እኔ ግራ ገባኝ። በእናንተ አካባቢስ እንዲህ ያለ ነገር አለ?

አናጢው · ኅዳር 25፣ ማታ 3፡32

ሠራተኛ ሰፈር ነኝ። እንዳነበብኩት ተነስቼ የተኛ ልጄን ሆድና ጀርባ ዳሰስኩ። እኔ ብርጭቆ ወረቀት በእጄ ይዤ ነው የምውለው፤ ሻካራ ነገር ጣቴ ያውቀዋል። ልጄ ለስላሳ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ጉሮሮውን ያመዋል፤ ትኩሳትም ነበረው። ሽፍታ ከሌለው ይቅር፣ አይመዝገብ?

እማማ የዶሮ ማነቂያ · ኅዳር 25፣ ማታ 4፡05

ልጄ፣ ይኼ ኩፍኝ ነው። እኛ ስንቱን አሳድገናል። ቤቱን ጨለም አድርጊ፣ ከነፋስ ጠብቂያት። መርፌ እንዳታስወጊያት። ኩፍኝ መርፌ አይወድም፤ ወደ ውስጥ ይመለስባታል። ደግሞም ኅዳር ሲታጠን የተቃጠለው ቆሻሻ ጢስ ዘንድሮ ለጉድ ነበር። የልጆች ጉሮሮ አይችለውም።

ነርሷ · ኅዳር 26፣ ጧት 1፡15

ሌሊት ተረኛ ነበርኩ፤ አሁን ነው ያየሁት። በቅደም ተከተል ልመልስ።

እማማ፣ እርስዎ ያሳደጉትን ያህል እኔ አላሳደግኩም። ይሁን እንጂ እነዚህ ሁለቱ በሽታዎች ይለያያሉ። ኩፍኝ የሚጀምረው በሳል፣ በንፍጥና በዓይን መቅላት ነው። ሽፍታው ከጆሮ ጀርባና ከፊት ተነስቶ ወደ ታች ይወርዳል። የስካርሌት ፊቨር ልጅ ብዙውን ጊዜ አይስልም። ጉሮሮው ነው የሚያመው። ሽፍታው አንገትና ደረት ላይ ይጀምርና በአንድ ሁለት ቀን ገላውን ያዳርሳል። ጉንጩ ሲቀላ የአፉ ዙሪያ ገርጥቶ ይቀራል። ብብት፣ ክርንና ብሽሽት እጥፋት ላይ ደግሞ ሽፍታው መስመር ይሠራል።

የመርፌውን ነገር በጣም አደራ እላለሁ። ይኼ ባክቴሪያ ነው። በፔኒሲሊን ይሞታል። «ኩፍኝ ነው» ተብሎ መርፌና ኪኒን የተከለከለ ልጅ ቢኖር እሱ ነው የሚጎዳው። እውነተኛ ኩፍኝም ቢሆን መርፌ ወደ ውስጥ አይመልሰውም።

አናጢው ወንድሜ፣ ይመዝገብ። ያንኑ ባክቴሪያ ይዞ ሽፍታ የማያወጣ ልጅ ብዙ ነው። አንዱ ቶንሲል ብቻ ይሆናል፣ ሌላው ሽፍታ ያወጣል። ሲያስተላልፉት ግን ልዩነት የላቸውም። ዛሬውኑ አሳየው።

የሰባ ደረጃዋ እህቴ፣ አንድ ነገር ደግሞ። ትኩሳትና ሽፍታ ያለበት ልጅ ጤና ጣቢያ ሲመጣ እኛ መጀመሪያ የምናስበው ኩፍኝን ነው፤ ወዲያው ሪፖርት ከሚደረጉት በሽታዎች አንዱ ነውና። ስለዚህ ደም ይወሰዳል ቢሉሽ አትደንግጪ። ልጅሽ በ9 ወርና በ15 ወር የኩፍኝ ክትባት ከወሰደች ካርዱን ይዘሽ ሂጂ። በአንድ ወረዳ በወር ውስጥ አምስት ተጠርጣሪ ከተገኘ እንደ ወረርሽኝ ጥርጣሬ ነው የሚያዘው። ደብተርሽ ላይ ያሉት አምስት ናቸው።

ያራዳ ልጅ · ኅዳር 26፣ ጧት 2፡00

እኛ ሰፈር እንጥል የሚቆርጡ አዋቂ አሉ። የእህቴ ልጅ ጉሮሮው ሲያስቸግረው እሳቸው ጋ ሄዶ ነው የተሻለው። ለምን አትሞክሩም?

ነርሷ · ኅዳር 26፣ ጧት 2፡08

እባክህ ወንድሜ፣ ይህን ለማንም አትምከር። በሽታው እንጥል ላይ አይደለም ያለው። ባልተቀቀለ ምላጭ የተቆረጠ እንጥል ደም አላቆም ብሎት፣ ቁስሉ አመርቅዞበት የመጣ ሕፃን በእጄ ይዣለሁ። የእህትህ ልጅ የዳነው ጉሮሮው ጊዜውን ጠብቆ ስለተሻለው ነው። የቶንሲል ሕመም ሳይታከምም በሳምንት አካባቢ ይለቃል። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የአምስት ኪሎ አባት · ኅዳር 26፣ ቀን 6፡20

ወተትስ? ሰፈራችን ላም ያለው ሰው አለ። ብዙ ቤት ከእሱ ነው የሚቀዳው። አንዳንዱ ሳያፈላ ነው የሚሰጠው።

አሮጌ መጻሕፍት · ኅዳር 26፣ ቀን 7፡45

ጥያቄህ ቀላል አይደለም፣ ወንድሜ። ፓስተራይዝ ማድረግ (ወተትን አሙቆ ጀርሙን መግደል) ከመለመዱ በፊት አውሮፓ ውስጥ ስካርሌት ፊቨር በወተት መንገድ ይዛመት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1885 ከለንደን አጠገብ ሄንደን የሚባል ቦታ ካለ አንድ የከብት እርባታ የተነሳ ወተት የብዙ ቤት ልጆችን ሲያሳምም፣ ዊልያም ፓወር የተባለ ሐኪም መርምሮታል። ሲመረምር የታመሙትን ሰፈር ብቻ አልተከተለም፤ ወተቱ ወደ ማን ቤት እንደሚሄድ ተከተለ። ላሟ ራሷ ታማለች ወይስ የሚያልቡት ሰዎች ናቸው የበከሉት የሚለው ብዙ አከራክሯል። ያኔ የበሽታው ምክንያት በደንብ አልታወቀም። ስካርሌት ፊቨርን የሚያመጣው ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ መሆኑን በ1920ዎቹ ያረጋገጡት አሜሪካውያኑ ባልና ሚስት ጆርጅና ግላዲስ ዲክ ናቸው። ፔኒሲሊን ከመምጣቱ በፊት ይህ በሽታ አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ የአንድ ቤት ልጆችን ተራ በተራ ይወስድ ነበር።

ለማንኛውም ወተቱን አፍሉ። ለሌላም ብዙ በሽታ ይጠቅማል።

ቅኝት · ኅዳር 26፣ ማታ 2፡30

በበሽታ ቅኝት ሥራ ላይ ነኝ። የሰባ ደረጃዋ እህቴ፣ የጀመርሽው ሥራ እኛ በመስክ የምንሠራው ነው። ጥቂት ነገር ላክልበት።

መጀመሪያ፣ ማንን እንደምትመዘግቢ ወስኚ። «ከኅዳር 10 ወዲህ ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ያለበት፣ ሽፍታ ቢኖረውም ባይኖረውም» በይ። ሽፍታ ያለውንና የሌለውን በተለየ ዓምድ ጻፊ። እንዲህ ካላደረግሽ ዛሬ አንዱን ታስገቢያለሽ፣ ነገ ተመሳሳዩን ትተያለሽ።

ሁለተኛ፣ ጤና ጣቢያ የሄዱበትን ቀን ተዪው፤ የሚጠቅመሽ ትኩሳቱ የጀመረበት ቀን ነው። ከእሱ ወደ ኋላ ቁጠሪ። ባክቴሪያው ገብቶ እስኪያሳምም ከ2 እስከ 5 ቀን ይወስዳል። እናቶችን «ልጅሽ የት ይማራል?» ብቻ ብለሽ አትጠይቂ። «ከመታመሙ በፊት ባሉት አምስት ቀናት ከጧት እስከ ማታ የት ዋለ? ከማን ጋር? በር ተዘግቶ?» በያቸው። ትምህርት ቤት፣ ሰርቪስ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ቁርአን ቤት፣ ልደት፣ አያት ቤት፣ ሁሉንም።

አቧራውን በተመለከተ፣ አቧራ ጉሮሮ ይከረክራል፤ ስትሬፕቶኮከስ ግን አይፈጥርም። በሽታው የሚተላለፈው በሳልና በማስነጠስ ፍንጣሪ፣ በቅርብ በመቀመጥ፣ በእጅ ነው። አቧራው ቢሆን ኖሮ በዚያ መንገድ ዳር ያሉ ሁሉ በአንድ ሰሞን ይታመሙ ነበር። ያንቺ ዝርዝር ግን አንድ፣ አንድ፣ ከዚያ ክፍተት፣ ከዚያ እንደገና እያለ ነው የሚሄደው። ይኼ ከሰው ወደ ሰው የሚሄድ ነገር መልክ ነው።

የወተቱም ጥርጣሬ ቀላል ማጣሪያ አለው። የታመሙት ልጆች ቤቶች ሁሉ ከዚያ ሰው ይቀዳሉ? ካልቀዱ ተዪው።

ሌላ አገር እንዴት እንደሚሠሩ ለማወቅ ያህል፣ እንግሊዝ ይህ በሽታ በሕግ ሪፖርት ይደረጋል። አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ በ10 ቀን ልዩነት ሁለትና ከዚያ በላይ የተገናኙ ልጆች ከታመሙ ወረርሽኝ ይባላል። አሥር ቀን ያሉት አምስቱን ቀን ሁለት ጊዜ ወስደው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ እዚያና በሌሎች የአውሮፓ አገሮች በጣም ጨምሮ የዓለም ጤና ድርጅት መግለጫ አውጥቶበት ነበር። እኛ አገር በስሙ ተለይቶ ሪፖርት ከሚደረጉት ውስጥ አይደለም። ያ ማለት ግን ክላስተር (በአንድ አካባቢ የተሰባሰቡ ታማሚዎች) ሲገኝ ዝም ይባላል ማለት አይደለም። ለወረዳሽ ጤና ጣቢያ ተናገሪ። ወይም 8335 ደውዪ፤ የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነጻ መስመር ነው።

የኬጂ መምህርት · ኅዳር 26፣ ማታ 3፡00

አንድ ነገር ልናገር። ወላጆች ጧት ፓራሲታሞል ሰጥተው ያመጡልናል። እስከ አራት ሰዓት ልጁ ይጫወታል፤ ከዚያ እጄ ላይ ይቃጠላል። አልፈርድባቸውም። አብዛኞቹ ከሥራ ከቀሩ የዕለት ገቢያቸው ይቀራል። ግን «ሌሊት ትኩሳት ነበረው» ብላችሁ ብቻ ንገሩን። እንደብቀዋለን፣ አናሳፍራችሁም። ልጁን ለብቻው እናስቀምጠዋለን።

ነርሷ · ኅዳር 26፣ ማታ 3፡20

ለመምህርቷ መልስ ልጨምር። መድኃኒት ከጀመረ 24 ሰዓት የሞላው፣ ትኩሳቱም የለቀቀው ልጅ ወደ ትምህርት ቤት መመለስ ይችላል። ሳምንት ሙሉ መቅረት የለበትም። ብዙ ወላጅ ይህን ቢያውቅ አይደብቅም ነበር። ያልታከመ ልጅ ግን እስከ ሁለት ሦስት ሳምንት ሊያስተላልፍ ይችላል።

የሰባ ደረጃዋ · ኅዳር 27፣ ማታ 1፡50

ዛሬ ከሥራ መልስ ቤት ለቤት ዞርኩ። ቅኝት እንዳልከው ጠየቅኩ። ሁሉም ቤት ቡና አፈሉልኝ፤ የመጨረሻው ቤት ስደርስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ወተቱ አይደለም። ከአራቱ ቤት ሁለቱ ብቻ ናቸው ከዚያ የሚቀዱት።

የ«መ» እናት ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ሰርቪሱ፣ ስለ ሰንበቱ ሁሉ ነገረችኝ። ልነሳ ስል «ማታ ማታ እንኳ ጥናት ብቻ ነው የሚሄደው» አለች። ቁጭ አልኩ። ልጄም እዚያው ነው የምታጠናው። ከሥራ እስክመጣ የምትቆይበት ስለሆነ እንደ ቤቷ ነው የማየው፤ ለዚያ ነው አእምሮዬ ውስጥ ያልገባው። ሀ፣ ለ፣ መ፣ ሠ፣ አራቱም እዚያ ናቸው። ሐ አትሄድም፤ ግን የ«ለ» እህት ናት፤ አንድ አልጋ ነው የሚተኙት።

አንዲት ክፍል ናት። ከአሥር ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት አሥራ አንድ ልጅ ይቀመጥባታል። ከውጭ አቧራ ስለሚገባ መስኮቷ ተዘግቶ ነው የሚውለው። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት አግዳሚ፣ ጥግ ላይ ጀሪካንና አንድ ኩባያ።

ያራዳ ልጅ · ኅዳር 27፣ ማታ 2፡05

የሚያስጠናው ማን ነው? ስሙን ጻፊው። ሌላው ወላጅ ይወቅ። ገንዘብ እየተቀበለ ልጆች ያሳምማል እንዴ?

የሰባ ደረጃዋ · ኅዳር 27፣ ማታ 2፡12

አልጽፍም። በዝናብ ጊዜ ልጄን አቅፎ ቤቴ ድረስ ያመጣ ልጅ ነው። ስም ከጠራን ነገ ማንም እናት እውነቱን አትነግረኝም። ለአሥራ አንዱም ቤት በየግላቸው እነግራለሁ።

አስጠኚው · ኅዳር 27፣ ማታ 4፡40

እኔ ነኝ። አንድ ወላጅ ይህን ገጽ ልካልኝ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መስኮቱን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ልጆቹ በአቧራው ሲያስሉ አሳዝነውኝ ነው። በጣም አዝናለሁ።

ዩኒቨርሲቲ ነው የምማረው፣ ማታ አስጠናለሁ። የመጣና የቀረ ልጅ በየቀኑ እመዘግባለሁ፣ የሚከፈለኝ በቀን ስለሆነ። ዛሬ ማታ ደብተሬን ከሰባ ደረጃዋ እህቴ ዝርዝር ጋር አስተያየሁት። ሁለት ልጆች እናንተ ጋ የሉም።

አንደኛው የሰባት ዓመት ልጅ ነው። ኅዳር 14 ማታ እኔ ጋ እያለ አተኮሰው፤ አባቱን ደውዬ ጠራሁት። 15 እና 16 ቀረ። 17 ተመለሰ። እነሱ እዚህ ሰፈር ነበሩ፤ ቤታቸው ፈርሶ አሁን ከተማው ዳር ገላን ጉራ ነው ያሉት። አባቱ ሥራው አሁንም ፒያሳ ስለሆነ ልጁን ከነባሩ ትምህርት ቤት አላስወጣውም። ጧት ይዞት ይመጣል፣ ማታ ከእኔ ጋ ይወስደዋል። ሰፈሩ ውስጥ ስለማይኖር ነው ማንም ጎረቤት የማያውቀው።

ሁለተኛዋ የስምንት ዓመት ልጅ ናት። ከኅዳር 21 ጀምሮ አልመጣችም። ስደውል እናቷ «ምች ነው፣ ዳማ ከሴ እያሸሁላት ነው» አለችኝ።

ነርሷ · ኅዳር 27፣ ማታ 4፡52

አስጠኚው ወንድሜ፣ ሐዘንህን ለነገ አቆየው። የልጅቷ ትኩሳት የጀመረበት ትክክለኛ ቀን ያስፈልገናል። አሁኑኑ ደውል።

ለምን እንደሆነ ለሁላችሁም ልንገር። ይህ ባክቴሪያ ካልታከመ ከሳምንታት በኋላ ሰውነት ራሱን እንዲያጠቃ ሊያደርግ ይችላል፤ መገጣጠሚያን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ልብን። ሩማቲክ ፊቨር የሚባለው ነው። የልብ በሮችን ያጠፋል። ነገር ግን ትኩሳቱ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ከተሰጠ ይህን መከላከል ይቻላል። ሰባተኛም ስምንተኛም ቀን ቢሆን «አሁንማ አልፏል» አይባልም። የቀኑ ቁጥር እዚህ ላይ ነው ልጅ የሚያድነው።

አስጠኚው · ኅዳር 27፣ ማታ 5፡10

እናቷ አንስታለች። የጀመራት ኅዳር 20 ማታ ነው። ትኩሳቱ ለቋታል፤ ጉሮሮዋ ግን አሁንም ምግብ አላስገባ ብሏታል። ሻካራ ሽፍታ ነበረባት።

ነርሷ · ኅዳር 27፣ ማታ 5፡13

ነገ ጧት ስምንተኛ ቀኗ ነው። ነገ ጧት።

የታማሚ እህት · ኅዳር 28፣ ሌሊት 7፡30

እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። የነርሷን ሳነብ አላስቻለኝም።

ወንድሜ አሁን 19 ዓመቱ ነው። በልጅነቱ ቶንሲል ይመላለስበት ነበር። በጨው ውኃ ያጉመጠምጡታል፣ ይለቀዋል። ማንም ቀን አልቆጠረለትም። 12 ዓመቱ ላይ ጉልበቱ አበጠ፤ ኳስ መቶት ነው ተባለ። ከዚያ ቁርጭምጭሚቱ። ከዚያ ደረጃ ሲወጣ መተንፈስ አቃተው። ጥቁር አንበሳ ግቢ ባለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ነው የልቡ በር መጎዳቱን የነገሩን። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ጉሮሮና ልብ የሚያገናኛቸው ነገር እንዳለ አላውቅም ነበር።

አሁን በየ4 ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ይወጋል። መርፌው ያማል። አንድ ቀን ቆጠራችን አይዛነፍም፤ እናቴ ግድግዳ ላይ የሰቀለችው ካላንደር አለ፣ በየወሩ ታከብበታለች። አሁን ይማራል፣ ይስቃል። ኳስ ግን በቴሌቪዥን ነው የሚያየው።

ያቺን ልጅ እባካችሁ አድርሷት። የትራንስፖርት ገንዘብ ካጠረ እኔ አለሁ።

የሰባ ደረጃዋ · ኅዳር 28፣ ቀን 5፡30

ደርሳለች። ጧት አንድ ሰዓት ላይ አስጠኚውና እኔ ቤታቸው ሄድን። እናቷ መጀመሪያ ተቆጣች። «ትኩሳቷ ለቋል፣ ለምን መርፌ?» አለች። የታማሚ እህትን ጽሑፍ ከስልኬ አነበብኩላት። ነጠላዋን አንስታ ወጣች።

ጤና ጣቢያው ጉሮሮዋን አይተው፣ ቆዳዋን ዳስሰው፣ ከዚህ በፊት በፔኒሲሊን አለርጂ እንደሌለባት ጠይቀው አንዴ የሚሰጠውን ቤንዛቲን ወጓት። ካርድ ላይ «የጀመረበት፦ ኅዳር 20» ተብሎ ተጽፏል። ደብተሬንም አሳየሁ። ጤና መኮንኗ ፎቶ አነሳችው፤ ለወረዳው የቅኝት ተጠሪ እልካለሁ አለች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከሰዓት በኋላ አሥራ አንዱንም ቤት ሊዞሩ ነው።

ቅኝት · ኅዳር 28፣ ቀን 7፡10

በጣም ደስ ብሎኛል። አሁን የገላን ጉራው ልጅ ይቀረናል። ትኩሳቱ ኅዳር 14፣ የሰባ ደረጃዋ እህቴ ልጅ ኅዳር 18፣ ለ ኅዳር 19። በ4ና በ5 ቀን ልዩነት። በዝርዝሩ ከታወቁት የመጀመሪያው እሱ ነው። እሱ ራሱ ከማን እንደያዘው አናውቅም፤ እሱም የተቀበለ ልጅ ነው፤ ማንም እንዳይወቅሰው።

እንዲህ ያለው ልጅ ነው በቅኝት ሥራ የሚያመልጠን። ቀኑን የሚያሳልፈው በአንድ ክፍለ ከተማ፣ ሌሊቱን በሌላ። ታሞ ቤቱ አጠገብ ቢታከም ሪፖርቱ ለዚያኛው ይሄዳል፤ የታመሙት ጓደኞቹ እዚህ ይቆጠራሉ። ሁለቱ ወረቀቶች አይገናኙም። ባለፉት ሁለት ዓመታት ከመሀል ከተማ የተነሳ ሰው ብዙ ነው። መዝገባችን ላይ «የት ይኖራል» ብቻ ሳይሆን «የት ይውላል» የሚል ዓምድ መኖር አለበት ብዬ አምናለሁ። የአስጠኚው ደብተር ያገኘውን የትኛውም ካርታ አያገኘውም ነበር።

አስጠኚው · ኅዳር 28፣ ማታ 12፡45

አባቱን አግኝቼ አነጋገርኩት። ያኔ ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቶለት ነበር። በሦስተኛው ቀን ሲሻለው የቀረውን «ለሌላ ቀን» ብሎ አስቀመጠው። መድኃኒቱ አሁንም መሳቢያ ውስጥ ነው።

ነርሷ · ኅዳር 28፣ ማታ 1፡20

ስንት ቤት መሳቢያ ውስጥ እንዲህ ያለ ብልቃጥ እንዳለ አውቃለሁ። የ10 ቀን መድኃኒት ሦስት ቀን ሲወሰድ ትኩሳቱን ያወርድና ባክቴሪያውን ጉሮሮ ውስጥ ይተወዋል።

ልጁ ይታይ። ዘጠኙ ቀን አልፎታል፤ ቢሆንም መታከም አለበት፤ ለሌላው ልጅም ለራሱም። ልቡን ያዳምጡት። ሽንቱን ይመርምሩት፤ ይህ ባክቴሪያ ኩላሊትንም ይነካል፤ ሽንት እንደ ኮካ ይጠቁራል፣ ፊት ያብጣል። በሚቀጥሉት ሳምንታት የልጁ መገጣጠሚያ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ እጅና እግሩ ሳያዘው ከተወራጨ አባቱ በዚያኑ ቀን ያምጣው። ይህን በወረቀት ጻፍለት።

እማማ የዶሮ ማነቂያ · ኅዳር 29፣ ጧት 3፡00

ልጆቼ፣ ሁሉንም የልጅ ልጄ አነበበችልኝ። ያቺ ስምንተኛ ቀኗ ላይ የደረሰችው ልጅ አስለቀሰችኝ። ለዕድራችን እኔ እናገራለሁ። እሑድ ስንሰበሰብ እናቶች ሁሉ ማታ ማታ የልጅ ገላ እንዲዳስሱ። ለመርፌውም እኔው እናገርላቸዋለሁ፤ እኔን ይሰሙኛል።

አናጢው · ኅዳር 30፣ ማታ 2፡00

የኔም ልጅ ቶንሲል ነው ተባለ፤ መድኃኒት ጀምሯል። እናንተ ጋ አያጠናም፤ ዝርዝሩ ላይ ለየት አድርጋችሁ አስገቡት። ለጥናት ክፍሏ ደግሞ ወንፊት ሽቦ ያለው የመስኮት ክፈፍ ሠርቼ ገጥሜያለሁ። አቧራውን ይቀንሳል፣ አየር ያስገባል። ዋጋ አልፈልግም። ልጆቹ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ኩባያ ይዘው ይምጡ።

የሰባ ደረጃዋ · ታኅሣሥ 11፣ ማታ 3፡25

ይህን ሳልጽፍ መቆየቴን ይቅር በሉኝ። ቅኝት «አሥር ቀን ጠብቂ» ስላለኝ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ሲዞሩ ሁለት የጉሮሮ ሕመም ብቻ ያለባቸው ልጆች አገኙ፤ ሽፍታ የላቸውም። ታከሙ። አስጠኚውም ራሱ ጉሮሮውን እያመመው ደብቆን ነበር፤ እሱም ታከመ። የመጨረሻው ትኩሳት የተመዘገበው ኅዳር 29 ነው። ከዚያ ወዲህ ከጥናት ክፍሉም፣ ከቤተሰቦቹም አዲስ የለም። የአናጢው ልጅ ከእነዚህ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልተገኘም፤ እሱን በተለየ ገጽ ይዤዋለሁ።

የልጄ የጣቶቿ ጫፍ መላጥ ጀመረ፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ሆኖ ይነሳል። ደንግጬ ነርሷን ጠየቅኳት። ሽፍታው ከጠፋ በኋላ የሚመጣ ነው፣ ምንም አይደለም አለችኝ።

የገላን ጉራው ልጅ እዚያው ሰፈራቸው ባለ ጤና ጣቢያ ታየ፣ መርፌውን ወሰደ። ልቡ ላይ ያልተለመደ ድምፅ አልሰሙም። ሽንቱ ንጹሕ ነው። ታኅሣሥ 18 እንደገና ይታያል። በዚያ ቀን አባቱ ሥራ ስለማይቀርለት እኔ ነኝ ይዤው የምሄደው። ደብተሬ ላይ ከስሙ ፊደል ጎን ሁለት ዓምድ አስምሬያለሁ፤ አንዱ የሚያድርበት፣ አንዱ የሚውልበት።